ስንት ኪሎ ተያዘ ሳይሆን፣ ውስጡ ምን ነበር?

ቅቤ ውስጥ ሙዝ፣ ማር ውስጥ ስኳር፣ በርበሬ ውስጥ ሸክላ፣ እንጀራ ውስጥ ጀሶ የሚጨምር ሰው ባለበት ከተማ፣ ደረሰኝም ተቆጣጣሪም በሌለው ገበያ የሚሸጥ ክኒን ውስጥ ምን የሚጨምሩ ይመስላችኋል?

እስቲ ይቺን ጥያቄ ይዛችሁ ቆዩልኝ። ጽሑፉ ረዘም ይላል። ልጅ ያለው ሰው ግን እስከ መጨረሻው ቢያነበው ደስ ይለኛል።

የዕፅ ዜና ሁልጊዜ አንድ ዓይነት ነው። ይህን ያህል ኪሎ ተያዘ፣ ግምቱ ይህን ያህል ሚሊዮን ብር ነው፣ ተቃጠለ። ፎቶ ይነሳል፣ ጭስ ይወጣል፣ እናጨበጭባለን። ከዚያ በኋላ ዝም ነው። የተያዘው ነገር ውስጡ ምን እንደነበር አይነገረንም። ከተያዘ በኋላ መንገድ ላይ ዋጋው ተወደደ ወይስ ባለበት ቀጠለ? ተወዶ ከሆነስ መግዛት ያቃተው ሰው ወደ ምን ዞረ? ይሄን የሚጠይቅ ጋዜጠኛም ሆነ ኃላፊ እምብዛም አላየሁም።

የኔ አቋም ይሄ ነው። አንድ ዕፅ የሚያደርሰው ጉዳት በስሙ ብቻ አይወሰንም። በስንት ይሸጣል? ውስጡስ ምን አለ? ሰው የሚድነውም የሚሞተውም አብዛኛውን ጊዜ በእነዚህ ሁለት ጥያቄዎች መልስ ነው። እኛ ደግሞ ሁለቱንም አንጠይቅም።

ከሰፈሬ ልጀምር

እኔ የአማኑኤል ልጅ ነኝ። ሰፈራችን የሚታወቀው በቤተ ክርስቲያኑና በሆስፒታሉ ነው። ሆስፒታሉ በጣልያን ወረራ ዘመን የተቋቋመ ሲሆን ለብዙ ዓመታት በአገሪቱ ብቸኛው የአእምሮ ሕክምና ሆስፒታል ነበር። ከዚህ የተነሳ "አማኑኤል ግባ" ማለት በአዲስ አበባ ስድብ ሆኖ ቀርቷል። ወደዚህ ስድብ በኋላ እመለስበታለሁ።

ጎረቤታችን መርካቶ ነው። መርካቶ ዙሪያ ደግሞ የአገሪቱ ትልቁ የጫማ ሠሪዎች መንደር አለ። ቆዳው፣ ሶሉ፣ ክሩ፣ ማስቲሹ ሁሉም እዚሁ ይሸጣል። ከአውቶቡስ ተራ እስከ ጎጃም በረንዳ በእግራችሁ ብትሄዱ ከሸሚዛቸው ሥር ሃይላንድ ሸጉጠው ማስቲሽ የሚስቡ ልጆች ታያላችሁ። አንዳንዱ ዕድሜው አሥር የሞላ አይመስልም።

ማስቲሽ ሸቀጥ ነው። የወንጀል ሕጉ አንቀጽ 525 አደንዛዥ ዕፅ የሚያዘዋውረውን ይቀጣል፣ ማስቲሽ የሚሸጠው ግን ነጋዴ ነው። ኮንትሮባንድ የለበትም፣ ጉቦ የለበትም፣ የሚደበቅበት መጋዘን አያስፈልገውም። ስለዚህ ርካሽ ነው። ርካሽ ስለሆነ ደግሞ የመጨረሻው ድሃ እጅ ይደርሳል። ከልጆቹ አንዱን ለምን እንደሚስብ ስጠይቀው የመለሰልኝ ስለ ደስታ አልነበረም። በያዘው ሳንቲም የሚገዛው ምግብ እንደማያጠግበው፣ ማስቲሹ ግን ረሃቡንም ብርዱንም እንደሚያስረሳው ነው የነገረኝ። ሂሳቡን አስልቶታል።

አሁን ጉዳቱን እዩት። ብዙ የጫማ ማስቲሽ ውስጥ ቶሉይን የሚባል ማሟሟያ አለ። በትንፋሽ ገብቶ በሰከንዶች ውስጥ አንጎል ይደርሳል። ለረጅም ጊዜ የተሳበ እንደሆነ የአንጎልን ነጭ ክፍል ይጎዳል፣ መስማትን ይቀንሳል፣ አረማመድን ያዛባል፣ ኩላሊትን ያውካል። ከዚህ የባሰው የልብን ምት ማዛባቱ ነው። በመጀመሪያው ቀን እንኳ ልብ ቀጥ ሊል ይችላል።

እዚህ ላይ አንድ ነገር አደራ ልበላችሁ። ማስቲሽ ወይም ቤንዚን ስቦ ያለን ልጅ አታሯሩጡ፣ አታስደንግጡ። ሰውነቱ ሲደነግጥ የሚያመነጨው አድሬናሊን ቶሉይን ከነካው ልብ ጋር ተገናኝቶ እዚያው ሊገድለው ይችላል። ደንብ አስከባሪም ሆናችሁ የሱቅ ጥበቃ፣ ዱላ ይዞ ማባረር ልጁን ከበር ላይ ማራቂያ ብቻ እንዳይመስላችሁ።

እንግዲህ በዓይናችን የምናየው ይሄ ነው። በዜና በብዙ ሚሊዮን ብር የሚገመተው ዕፅ የኛን ሰፈር ልጅ ኪስ አያውቀውም። እሱን የሚጎዳው ዋጋ የሌለው ነገር ነው።

"ታዲያ ዋጋ ማስወደድ ጥሩ አይደለም?"

ይሄ ትክክለኛ ጥያቄ ነው። በግማሹ መልሱ አዎ ነው። ዋጋ ሲወደድ ጀማሪው ይርቃል፣ የሚያዘወትረውም ይቀንሳል። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይስ ታክስ አዋጅ ቁጥር 1186 በሲጋራ ላይ 30 በመቶ ታክስና በፓኮ 8 ብር ሲጨምር ደግፌያለሁ፣ አሁንም እደግፋለሁ። ሱቅ በደረቴ ይዞ ከሚዞር ልጅ ላይ አንድ ፍሬ ሲጋራ የሚገዛ ተማሪ የዋጋ ጭማሪ ያሸሸዋል።

በከባዱ ዕፅም ታይቷል። እ.ኤ.አ. በ2001 መጀመሪያ አውስትራሊያ ውስጥ ሄሮይን በድንገት ከገበያ ጠፋ። ዋጋው ሰማይ ነካ፣ ጥራቱ ወረደ። በ1999 በኦፒዮይድ ከልክ በላይ በመውሰድ ከ1100 በላይ ሰዎች ሞተው ነበር። በ2001 ቁጥሩ ከ400 በታች ወረደ። ይሄ ቀላል ነገር አይደለም፣ የብዙ መቶ ሰው ነፍስ ነው። ነገር ግን በዚያው ወቅት ሲድኒ ውስጥ አንዳንዱ ተጠቃሚ ፊቱን ወደ ኮኬይን አዞረ፣ ዝርፊያም ለጊዜው ጨመረ።

ከዚህ የምማረው፣ ዋጋ ሲወደድ ሁሉም ሰው እኩል እንደማይቆም ነው። ገና ያልጀመረው ይተወዋል። ሕክምና ያለው አገር ሱሰኛው ሕክምና ይገባል። ሕክምናም ገንዘብም የሌለው ግን ሱሱን ይዞ ወደሚቀጥለው ርካሽ ነገር ይወርዳል። እንደ ደረጃ ነው፣ ከታች ያለው ደረጃ ሁልጊዜ የቆሸሸው ነው።

የኛን ደረጃ ታውቁታላችሁ። ቢራ ሲወደድ ወደ አረቄ። ደህናው ጫት ሲወደድ ወደ ትናንት ጫት። ሲጋራውም አረቄውም ሲያቅት ወደ ማስቲሽ። ቢራ 5 በመቶ አካባቢ አልኮል አለው። የኛ ተራ አረቄ በጥናት ሲለካ ወደ 34፣ ዳግም አረቄ ደግሞ ወደ 46 በመቶ ይደርሳል። ቢራው ታክስ ይከፍላል፣ ጓዳ የሚወጣው አረቄ አይከፍልም። በበርጫው ላይ ሲመረቅን የዋለ ወጣት ለጨብሲ ኪሱን ሲዳብስ ያገኘው ብር ወዴት እንደሚወስደው ለመገመት ኢኮኖሚስት መሆን አያስፈልግም።

ይዘቱስ?

ጫት ገዢ አይሸወድም። እስሩን ያገላብጣል፣ ቀንበጡን ይነካል፣ ይቀምሳል። ጫት ውስጥ የሚያነቃቃው ካቲኖን ከተቆረጠ በኋላ ቶሎ ስለሚበላሽ፣ በሁለት ቀን አካባቢ ኃይሉ በጣም ይቀንሳል። በኮባ ቅጠል ተጠቅልሎ በሌሊት መኪና የሚበረው ለዚህ ነው። ዋጋውና ጥራቱ አብረው ይወርዳሉ፣ ገዢውም ያየዋል። (ቅጠሉ ላይ የተረጨውን ፀረ ተባይ ግን ማንም በዓይኑ አያየውም። በአገራችን ጫት ላይ የዲዲቲ ቅሪት የተገኘባቸው ጥናቶች አሉ። አጥቦ መቃም እንኳ ያልተለመደበት ሰፈር ብዙ ነው።)

ክኒን ግን አይገላበጥም። ከፋርማሲ በሐኪም ትእዛዝ የሚወጣ የትራማዶል እንክብል ብዙውን ጊዜ 50 ሚሊግራም ነው። ምዕራብ አፍሪካ ጎዳና ላይ ሲሸጥ የተገኘው 200፣ 225 እና 250 ሚሊግራም ነበር። ለሕክምና ታስቦ የተሠራ መጠን አይደለም። ህንድ እ.ኤ.አ. በ2018 ትራማዶልን በዕፅ ሕጓ ሥር ያስገባችው ነገሩ ከቁጥጥር ውጭ ስለወጣ ነው። አስቡት፣ ሁለት ፍሬ መዋጥ የለመደ ልጅ ከሌላ ሻጭ ሁለት ፍሬ ሲገዛ አራትና አምስት እጥፍ ሊውጥ ይችላል። ትራማዶል ሲበዛ የሚጥል በሽታ ዓይነት መንቀጥቀጥ ያመጣል፣ ትንፋሽም ያዘገያል። ከአረቄ ጋር ሲሆን ደግሞ የባሰ ነው።

ሻጩ ለምን ያጠነክረዋል? መርካቶ የኖረ ሰው ይሄ ይገባዋል። ፍተሻ ባለበት መንገድ ዕቃ ደብቆ የሚያስገባ ሰው ጤፍ አይጭንም፣ ወርቅ ነው የሚይዘው። ትንሽ ቦታ ይዞ ብዙ የሚያወጣውን ይመርጣል። አሜሪካ እ.ኤ.አ. ከ1920 እስከ 1933 አልኮል ስትከለክል የደበቁት ሰዎች ቢራውን ትተው ጠንካራውን መጠጥ ነው የጫኑት። ያም አልበቃ ብሎ ለፋብሪካ የሚውለውን አልኮል ሰው እንዳይጠጣው መንግሥት ራሱ ሜታኖል እንዲጨመርበት አዘዘ። ሻጮቹ አጣርተን እንሸጠዋለን አሉ፣ ብዙ ሰው ታወረ፣ ብዙ ሰው ሞተ።

በኛ ዘመን ያው ታሪክ ፌንታኒል ሆኖ መጣ። ሁለት ሚሊግራም፣ ጥቂት የጨው ቅንጣት የምታህል፣ ያልለመደን ሰው ልትገድል ትችላለች። ለሻጭ ርካሽና ትንሽ ነው፣ ስለዚህ ሄሮይን ውስጥም፣ ተመሳስሎ በተሠራ ክኒን ውስጥም ይጨመራል። እ.ኤ.አ. በ2022 አሜሪካ ውስጥ ዕፅ ከልክ በላይ በመውሰድ ከ107 ሺህ በላይ ሰዎች ሞተዋል፣ ከሦስት እጅ ሁለቱ አካባቢ ፌንታኒልና መሰሎቹ ያሉበት ነው። ዲሲ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ፣ አሌክሳንድሪያ ያላችሁ ወገኖቼ፣ ልጆቻችሁ በስልክ የሚገዙት ክኒን በመልኩ የፋርማሲ ሊመስል ይችላል። ናሎክሶን የሚባለውን በአፍንጫ የሚረጭ መድኃኒት ቤት ውስጥ ማስቀመጥ ልጅን መጠራጠር አይደለም። እሳት ማጥፊያ ቤት ውስጥ አስቀመጥን ማለት እሳት እንለኩሳለን ማለት ነው እንዴ?

አረቄን በተመለከተ ፍትሐዊ ልሁን። በብቅልና በጌሾ የተጠነሰሰ የቤት አረቄ ውስጥ ያለው ሜታኖል ብዙውን ጊዜ ትንሽ ነው። በሌሎች አገሮች በጅምላ የገደለው አትራፊ ሰው የፋብሪካ ሜታኖል ሲቀላቅልበት ነው። ጎረቤታችን ኬንያ ቻንጋ የሚባለውን አረቄ በ1980 ከለከለች። ሰው መጠጣቱን አላቆመም፣ ጓዳ ለጓዳ ገባ። በ2010 በሕግ ፈቀደችው። ነገር ግን በ2014 ሜታኖል የተቀላቀለበት መጠጥ በጥቂት ቀናት ውስጥ በርካታ አሥሮችን ገደለ (ዓመቶቹ ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው)። ፈቃድ መስጠት ብቻውን አላዳነም፣ ክልከላም አላዳነም። የጎደለው ጠርሙሱ ውስጥ ያለውን የሚያይ ዓይን ነበር።

ስለዚህ ምልክቱን እወቁት። ጠጥቶ ያደረ ሰው በማግስቱ ዓይኔ ደበዘዘ፣ ጭጋግ ጋረደኝ፣ ራሴን ፈለጠኝ፣ አስመለሰኝ ካለ ሀንጎቨር ነው ብላችሁ አታስተኙት። የሜታኖል ምልክት ከ12 እስከ 24 ሰዓት ዘግይቶ ሊመጣ ይችላል። በፍጥነት ሆስፒታል ከደረሰ መድኃኒት አለው፣ ከዘገየ ዓይኑም ነፍሱም ይሄዳል።

ታዲያ ምን ይደረግ ነው የምትለው?

አንደኛ፣ ኪሎውን ስትነግሩን ይዘቱንም ንገሩን። ፖሊስ የያዘው ዕፅ ለፍርድ ቤት ማስረጃ ተብሎ ይመረመራል አይደል? የኢትዮጵያ ምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን ሐሰተኛ መድኃኒት ገበያ ውስጥ ሲያገኝ ማስጠንቀቂያ ያወጣል። በጎዳና የሚሸጥ ክኒን ላይም እንዲሁ ይደረግ። "እንዲህ ያለ መልክ ያለው ክኒን ተይዟል፣ ውስጡ ይሄ አለ፣ መጠኑ ይሄ ነው" ይበለን። ኔዘርላንድስ ከ1990ዎቹ ጀምሮ ተጠቃሚው ራሱ የያዘውን ዕፅ አምጥቶ የሚያስመረምርበት አሠራር አላት፣ አደገኛ ነገር ሲገኝ ለሕዝብ ይነገራል። እዚያ ድረስ እንሂድ አላልኩም። የተያዘውን እንኳ ንገሩን ነው የምለው።

ሁለተኛ፣ ማስቲሽ። በ2011 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ቁጥር 1112 መሠረት ዕድሜው 21 ላልሞላው ሰው ቢራና ሲጋራ መሸጥ የተከለከለ ነው። ለአሥር ዓመት ልጅ በሃይላንድ ማስቲሽ ሲቀዳ ግን የሚጠይቅ ሰው አላየሁም። የመርካቶ ነጋዴዎችና ጫማ ሠሪዎች፣ ይሄ ከእናንተ እጅ አይወጣም። አብዛኞቻችሁ አትሸጡም፣ አውቃለሁ። የሚሸጡትንም ታውቋቸዋላችሁ። የገበያው ሰው ተመካክሮ "ለሕፃን የለም፣ ተቀንሶም አይሸጥም" ካለ ከመቶ አዋጅ ይበልጣል።

አስመጪውና ፋብሪካውም ድርሻ አላቸው። አውስትራሊያ በገጠር ቤንዚን የሚስቡ ልጆች ሲያስቸግሯት ቢፒ የተባለው ኩባንያ ከ2005 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ኦፓል የሚባል፣ የሚያሰክረው ነገር በጣም የተቀነሰበት ቤንዚን አቀረበ። መኪናው እንደ ድሮው ይሄዳል፣ ልጁ ግን አይሰክርበትም። ነዳጁ በተዳረሰባቸው አካባቢዎች ቤንዚን መሳብ በከፍተኛ ደረጃ ቀነሰ። ልጁን ከማባረር ይልቅ የዕቃውን ይዘት ለወጡት። ለማስቲሽም ቶሉይን የሌለበት፣ በውሃ የሚሠራ ዓይነት አለ። ዋጋው ይወደዳል ትሉኛላችሁ። ለጫማ ሠሪው ልዩነቱን የሚሸፍን የቀረጥ ቅናሽ ማድረግ ለመንግሥት ያን ያህል ከባድ አይመስለኝም። ልጁም ማስቲሹን ሲነጠቅ ሌላ ነገር እንዳይፈልግ ምግብና መኝታ አብሮ ካልመጣ ሥራው ግማሽ ነው።

ሦስተኛ፣ አረቄ አውጪዎቹን እናቶች አታሳዱ። ብዙዎቹ ልጅ የሚያሳድጉት በዚያች በርሜል ነው። የሚታደነው ሜታኖል ቀላቃዩ ነው። ወረዳው ይመዝግባቸው፣ ናሙና ይወሰድ፣ ይመርመር። ዕቃዋ የሚሰበርባት ሴት ነገ ከማታውቀው ሰው ስፒሪት ገዝታ ትሸጣለች፣ ያኔ አደጋው ይጨምራል።

አራተኛ፣ ሕክምና። እዚህ ጋ ነው ያ ስድብ የሚመጣው። ልጁ ሱስ ውስጥ መግባቱን ያወቀ ቤተሰብ በመጀመሪያ የሚፈራው ሞትን አይደለም፣ "ልጃቸው አማኑኤል ገባ" መባልን ነው። ስለዚህ ይደብቀዋል፣ ይቆልፍበታል፣ ወይ ገጠር ዘመድ ጋ ይልከዋል። ጸበል የሚወስድም አለ፣ እምነቱን አከብራለሁ፣ ግን አብሮ ሐኪም ይይ። ልጁ ሁለት ሦስት ወር አቁሞ ሲመለስ ሰውነቱ ልምዱን ረስቷል። ድሮ የሚወስደውን መጠን አንዴ ቢሞክር ያ መጠን ሊገድለው ይችላል። ከእስር ቤት የወጣም እንደዚያው ነው። ከቆይታ በኋላ የተመለሰን ሰው "ተሻለው" ብላችሁ ዓይናችሁን አታንሱበት፣ አደገኛው ጊዜ ያ ነው።

ዋጋ ማስወደድ የሚጠቅመው መውጫ በር ሲኖር ነው። በሩ ከተዘጋ፣ ወይም በሩ ላይ ስድብ ከተጻፈበት፣ ያስወደድነው ዋጋ ድሃውን ወደ ማስቲሽ ይገፋዋል እንጂ አያድነውም።

ስለዚህ በሚቀጥለው "ይህን ያህል ኪሎ ተያዘ" የሚል ዜና ስታዩ ኮሜንት ላይ ሁለት ነገር ጠይቁልኝ፦ ውስጡ ምን ነበር? ይሄን ያጣው ሰውስ አሁን ምን እየወሰደ ነው? ሰድቦ ከማለፍ ይሻላል።

አማኑኤል፣ አውቶቡስ ተራ፣ ሰባተኛ፣ ጎጃም በረንዳ ያላችሁ፣ ከዚህ የምታውቁት ካለ ወይም የማትስማሙበት ካለ ጻፉልኝ፣ እንነጋገር። ማስቲሽ የሚሸጥ ጓደኛ ያላችሁ ደግሞ ይሄን ጽሑፍ በውስጥ መስመር ላኩለት። በአደባባይ አታዋርዱት፣ ለብቻው ያንብበው።